የላፕቶፕ ሲዲና የእህል በረንዳ ወፎች

መርካቶ ውስጥ ዕቃ አይጠፋም፤ ባለቤት ይቀይራል እንጂ። እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ ተድሬ፣ እዚሁ ልጅ ያሳደግኩ ሴት ነኝና እመኑኝ። ጠዋት ከእጃችሁ የወደቀ ጃንጥላ ከሰዓት በኋላ አብነት ላይ ሲሸጥ ታገኙታላችሁ፤ ያውም ታጥቦ። ችግሩ ዕቃው አለመገኘቱ አይደለም፤ ሲገኝ የሌላ ሰው ሆኖ መገኘቱ ነው። ታዲያ እንዲህ ባለ ሰፈር «ዕቃዬ ጠፋ» ብሎ የሚያለቅስ ሰው የሚያለቅሰው በዕቃው ነው ወይስ በዕድሉ? እኔ በሁለቱም አልቅሻለሁ።

ልጄ ሰናይት ዘንድሮ የኮሌጅ ተመራቂ ናት። የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስረክብ ጥቂት ቀን ሲቀራት፣ እኅቴ ከዐረብ አገር የላከችልን አሮጌ ላፕቶፕ አልነሣም አለ። አልነሣም ሲል ደግሞ ዝም ብሎ አይደለም፤ ፊቱን አጥቁሮ፣ በነጭ ፊደል እንግሊዝኛ ጽፎ ነው። ሰናይት አነበበችና የመጫኛ ሲዲዬን አምጡ ነው የሚለው አለችኝ። ጽሑፍሽስ ስላት፣ ውስጡ ነው አለች። ሌላ ቦታ አላስቀመጥሽም ወይ ስላት፣ ፍላሿ ታክሲ ውስጥ ወድቃ መቅረቷን ነገረችኝና ፊቷን አዞረች። ጽሑፉን ካላስረከበች ምርቃቱ የለም፤ ምርቃቱ ከሌለ የጠበቃት ሥራ የለም። የጽሑፏ ርእስ «የሰነድ አጠባበቅ ችግሮች» ነው። እኔ አልሳቅኩም። እናት አይደለሁ?

ሲዲዎቹ ከላፕቶፑ ጋር በመጣው ቦርሳ ኪስ ውስጥ ነበሩ። እኅቴ በስልክ፣ አደራ ሁለቱን ሲዲ በደንብ አስቀምጪ ብላኝ ስለነበር፣ በማርከር «የሰናይት፣ አይነካ» ብዬ ጽፌባቸው ኪሱን ዘጋሁት። እውነትም ማንም አልነካቸውም፤ እኔም ጭምር ረሳኋቸው። ከዚያ የቦርሳው ዚፕ ተበላሸ። ዚፑ የተበላሸ ቦርሳ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል? አንድ ቀን «ልዋጭ!» እያለ የሚዞረው ሰውዬ በደጃችን ሲያልፍ፣ ቦርሳውን ከአሮጌ ልብስ ጋር ሰጥቼ ሰማያዊ ሳፋ ለወጥኩበት። ሳፋው እስከ ዛሬ አለ። ልብ በሉልኝ፣ ላፕቶፕ ይሞታል፤ ሳፋ አይሞትም።

ሰናይት ፈተና ላይ ስለነበረች ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልዬ ወደ ጠጋኞቹ የወረድኩት እኔ ነኝ። ስወጣ አንድ ነገር ብቻ አደራ ብላኛለች፤ ፎርማት እንዳታስደርጊ። ፎርማት ማለት እኔ እንደገባኝ ቤት ለመጥረግ ብሎ ባለቤቶቹን አብሮ መጥረግ ነው። ታዲያ የገባሁበት ሱቅ ሁሉ ገና ነጠላውን ሳልፈታ ፎርማት ይለኛል። ሐኪም ቤት ሄዳችሁ ሳትቀመጡ «ይቆረጥ» ብትባሉ ምን ትላላችሁ? እኔም ነጠላዬን እየቋጠርኩ ወጣሁ፤ ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው።

በመጨረሻ ከድር የሚባል የወሎ ልጅ ዘንድ ደረስኩ። ሱቁ ከቁም ሳጥን አይበልጥም፤ መቀመጫ የሚባል ነገር የለውም። ደጃፉ ላይ ቆሜ እግሬን ሲያመኝ፣ ጻድቁ አባታችን ተክለ ሃይማኖት በአንድ እግራቸው ቆመው ጸልየዋል፣ አንቺ በሁለቱ ታማርሪያለሽ ብዬ ራሴን ገሠጽኩ። ከድር የራሱን ሲዲዎች አንድ በአንድ አጎረሰው፤ ላፕቶፑ ቀምሶ ቀምሶ ተፋቸው። ፍላሽ ሰካለት፤ እሱንም ናቀ።

«ማዘር፣ ይቺ የድሮ ናት፤ የራሷን ካልሆነ አትቀምስም» አለኝ። «የራሷ ሲዲ ካለ ውስጧ ያለውን ሳልነካ አነሣታለሁ፣ ኢንሻአላህ። ከሌለ ግን ያው ፎርማት ነው።»

ሲዲ ፍለጋ ዞርኩ። ድሮ ሲዲ ይሸጡ የነበሩት ሱቆች በሙሉ ዛሬ የስልክ ልብስ ይሸጣሉ። ተስፋዬ ሲሟጠጥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። ለላፕቶፕ ስለት ይሳላል እንዴ? አላውቅም፤ የንስሐ አባቴንም ለመጠየቅ አፈርኩ። ለልጅ ግን ይሳላል። ስለዚህ በላፕቶፑ በኩል አድርጌ ለልጄ ጧፍ ተሳልኩ።

ስወጣ «ልዋጭ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ያው ራሱ ሰውዬው። ስጠይቀው ቦርሳውን አስታወሰው። ቦርሳው ምን አለሽ ተራ ተሸጧል፤ ሲዲዎቹን ግን እህል በረንዳ ያሉ ጋሼ ደምሴ የሚባሉ የስንዴ ነጋዴ ለወፍ ማባረሪያ እንደወሰዷቸው ነገረኝ። «አሁን ሲዲ ማን ያዳምጣል፣ እትዬ? የቀረው ተመልካች ወፍ ነው» ብሎኝ ሄደ።

እህል በረንዳ ስደርስ ሲዲዎቹ ከሱቁ ቆርቆሮ ጠርዝ በሲባጎ ተንጠልጥለው፣ ከስንዴው በላይ እየተሽከረከሩ ያብረቀርቃሉ። አንዱ ዞር ሲል የእጅ ጽሑፌን አየሁት፦ «የሰናይት፣ አይነካ»። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ይኸው ነው፤ ወተቷንም ባላይ ቂጧን አየሁ። ለጋሼ ደምሴ ችግሬን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘረገፍኩላቸው። በጨዋ ደንብ አዳመጡኝ፤ ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። ሲዲውን ግን አላወረዱም።

«እትዬ፣ እነዚህ ከተሰቀሉ ወዲህ ወፍ ስንዴዬን ረስታዋለች» አሉኝ። «ሁለት የሚያብረቀርቅ ያምጡ፣ ሁለት ይውሰዱ።»

ቤቴ ገብቼ መሳቢያውን ከፈትኩ። መዝሙር አለ፤ ስብከት አለ። ግን የእግዚአብሔር ስም የተጠራበትን ዕቃ ወፍ ኩስ እንዲጥልበት እሰቅላለሁ? ምነው፣ ምን በወጣኝ! የቀረው የሰርጌ ፊልም ነበር፤ ክፍል አንድና ክፍል ሁለት። ባለቤቴ ሰናይት ጡት ሳትጥል ነው ያረፈው። እሷ አባቷን የምታውቀው ግድግዳው ላይ ባለው ፎቶ ብቻ ነው። ፊልሙን አሳያታለሁ ስል ስል ማጫወቻው ተበላሸ፤ ዛሬ ደግሞ የሚጠግነው የለም። ቆሜ አሰብኩ። ሊያዩት የማይቻል ሰርግ ከትዝታ በምን ይበልጣል? ትዝታው ደግሞ እኔ ዘንድ አለ፤ እሱን ማንም ቆርቆሮ ላይ አይሰቅለውም። ሁለቱን ሲዲ በነጠላዬ ጫፍ ጠርጌ ወሰድኳቸው። ጋሼ ደምሴ ሲያስሯቸው ቀና ብዬ አላየሁም።

የላፕቶፑን ሲዲዎች ከድር በሸሚዙ እጅጌ ወለወለና አጎረሰው። ማሽኑ አጉረመረመ፣ አቃሰተ፣ በመጨረሻ ነቃ። ጽሑፉ ከነነጠላ ሰረዙ በቦታው ነበር። ሰናይት አሳተመች፤ አስረከበች። እኔም ጧፌን አስገባሁ።

እዚህ ላይ ባበቃ ምናለበት?

እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ሰናይት መሳቢያውን ስታገላብጥ አገኘኋት። ምን ትፈልጊያለሽ አልኳት።

«የሰርጋችሁን ሲዲ» አለችኝ። «ከድር ይቺ ላፕቶፕ ፊልምም ታጫውታለች ብሎኛል። አባዬ ሲራመድ አይቼ አላውቅም፤ ልየው።»

ላፕቶፑ ሲዲ ሲጎርስ፣ ሲተፋ፣ ደጃፍ ላይ ቆሜ ስመለከት ውዬ፣ ይኸው አፍ የኔንም ሰርግ ሊጎርስ እንደሚችል አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ ሳይለኝ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እኔን ሰው ሁሉ ታጋሽ ይለኛል፤ እውነትም አልቸኩልም። ረግቼ፣ አስቤ፣ ጸልዬ ነው የማፈሰው።

መጣሁ ብያት ወጣሁ። የላፕቶፑን ሁለት ሲዲዎች ከመቀነቴ ሥር አድርጌያለሁ። ምን ያደርጉልናል? ፀበል ቦታ የዳነ ሰው ክራንቹን እዚያው ጥሎ አይደል የሚሄደው? ላፕቶፑ ድኗል፤ ክራንቹ ይቅርበት። ጋሼ ደምሴ እሑድም ከስንዴያቸው አይለዩም። የኔና የባለቤቴ ሰርግ እንዳለባቸው ስነግራቸው ለውጡን ሳይከራከሩ ተስማሙ፤ ሲያወርዱልኝ ግን ቅር ብሏቸዋል።

«ባለቤትዎ ደህና ዘበኛ ነበሩ» አሉኝ፤ «አንዲት ወፍ አላስቀመጡም።»

ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ በሕይወቱ ዶሮ እንኳ እሽ ብሎ አያውቅም ነበር።

ሲዲዎቹን ነፋስ ከቆርቆሮው ጋር ሲያላትማቸው ሰንብቶ ጀርባቸውን ድመት የቧጨረው መስሏል። ቤት ወስጄ በጥጥ ጠረግናቸውና ክፍል አንድን አስገባን። መጫወት ጀመረ። የኔ እናት በወጣትነቷ ብቅ አለች፤ ሰናይት እጄን ያዘችኝ። ከበሮ ተመታ፣ ዳስ ሙሉ ሰው በላ፣ ጠጣ። «ሙሽራው መጣ!» ተባለ። ነጭ መኪና ቆመ። በሩ ተከፈተ፤ አንድ ጥቁር ጫማ ወጣና መሬት ረገጠ።

እዚያው ላይ ቀጥ አለ።

«የማን እግር ነው?» አለች ሰናይት በቀስታ።

የአባትሽ አልኳት። እሷ ጫማውን፣ እኔ እሷን እያየን ብዙ ጠበቅን። እግሩ አልተራመደም። ስትነካካው እምቢ አላት፤ በመጨረሻ ላፕቶፑን አጥፍታ አበራችው። ፊቱ ጠቆረ። ነጩ ፊደል መጣ። ማንበብ አላስፈለጋትም፤ እኔም እንግሊዝኛ ባላውቅ ይህችን አውቃታለሁ።

«እማዬ፣ የላፕቶፑ ሲዲዎች የታሉ?»

ነጠላዬን አነሣሁ። «አታስቢ፣ ልጄ» አልኳት፤ «ዘንድሮ እንኳ የት እንዳሉ አውቃለሁ።»