ሥራ አንዲት ደቂቃ ሳይቆም

እኔ የምፈራው ሰው ሲያዝንልኝ ነው። እውነቴን ነው! ባይታዘንልኝ ኖሮ ይኸኔ ሰው ነበርኩ።

አሰላ ከመጣሁ አራት ዓመቴ ነው፤ የአንድ ሆስፒታል የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። የበሽተኛው ካርድ ሁሉ ያለው ቨርቹዋል ማሽን የሚሉት ነገር ላይ ነው፤ በትልቁ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ያለ ሌላ ኮምፒውተር በለው። ትልቁ አርጅቶ ማጓራት ጀመረ። ሳይሞትብኝ ካርዱን ወደ አዲሱ ማሻገር አለብኝ። ሥራ አስኪያጁ ግን "ሥራ አንዲት ደቂቃ እንዳይቆም!" አሉ። በቃ፣ ማሽኑ እየሠራ ይሻገራል ማለት ነው።

ማክሰኞ ካርድ ክፍሉም የሚጠቀምበትን የኔትወርክ መስመር በሙሉ ለማሻገሩ ለቀቅኩለት። የካርድ ክፍል ኮምፒውተሮች ደርቀው ቀሩ። ከሳጉሬ፣ ከጎበሳ የመጣ ሰልፈኛ ሁሉ ረገመኝ። ደንግጬ ገደብ አበጀሁ፤ ለማሻገሩ ጥቂት፣ ለእነሱ ብዙ። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ማሻገሩስ? ወዴት ወዴት! እኔ አንድ ካርድ ሳሻግር እነሱ ሦስት ይጽፋሉ፤ የተሻገረውንም ይለውጡትና እንደገና ይሻገራል። ቤት ስትለቅ፣ አንተ ዕቃ ስታወጣ በጓሮ በር ሌላ ዕቃ እንደሚያስገቡብህ ማለት ነው። እንዴት ይለቃል?

ተስፋዬ አርብ ነበር። አርብ የምሳ እረፍቱ ረጅም ነው፤ ግማሹ ጁምዓ ይሄዳል፣ ቢሮው ጭር ይላል። ማንም ካልጻፈ ገደቡን አነሳለሁ፣ ባንዴ ያልቃል። ለካርድ ክፍል ኃላፊዋ ለእትዬ ከዲጃም "ሥራ በዝቶብኛል እትዬ፣ አርብን ብቻ ልድረስ" አልኳቸው። ለምን እንደሆነ አላስረዳሁም። ምነው አፌን በቆረጠው!

አርብ ስድስት ሰዓት ገደቡን አነሳሁ። ዘጠና አምስት በመቶ። ዘጠና ስምንት። ከዚያ ወደ ኋላ! ሮጬ ካርድ ክፍል ስገባ አምስቱም ሠራተኞች ምሳቸውን ትተው ይተይባሉ። እትዬ ከዲጃ ላብ በላብ ሆነው "ና ልጄ! አንተ ስትቃጠል እያየን ምሳ አይበላልንም። የወሩን ውዝፍ ልንጨርስልህ ነው!" አሉኝ። "ኧረ በአላህ ተዉት!" ብዬ ጮህኩ። ቅር አላቸው። ስመለስ አሮጌው ማሽን ጸጥ ብሏል፤ ሞቷል። ማሻገሩ መቶ ካልሞላ ደግሞ አዲሱ ላይ የደረሰው አይከፈትም።

መጠባበቂያ ቅጂ አልነበረህም ወይ ትለኛለህ። ነበረኝ። እዚያው ማሽን ላይ።

ሰኞ አንድ የስኳር ታማሚ አዛውንት "የስድስት ዓመት ክትትሌስ ልጄ?" ሲሉኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እትዬ ከዲጃ ደብተር አስምረው ከአንድ ጀምረዋል። ሥራ አስኪያጁም "ሥራ አልቆመም" እያሉ ነው።

እኔ ሰርቨር ክፍል ተቀምጫለሁ። አሁን የሚጽፍ የለም፣ የሚጮህ የለም፣ ገደብም አያሻም። መስመሩ በሙሉ የኔ ነው። የሚሻገር ጠፋ እንጂ።