የጋሽ ጉልላት ቦምብ

ያለ አንድ አመዛዛኝ የሚኖር ሰፈር የለም። ቤት ሲቃጠል እንኳ «እስቲ ነገሩን እናመዛዝነው» ብሎ ለእሳቱ ጥብቅና የሚቆም ሰው አይጠፋም። የአዋሳ ፒያሳው ክቡር አመዛዛኝ ጋሽ ጉልላት ናቸው። አብዮቱ የግብረ ገብ ትምህርትን ሲሰርዝ አስተማሪውን መሰረዝ ረስቶ፣ ብዙነሽ ሻይ ቤት ጥግ ተክሏቸው ሄደ።

ብዙነሽ ምስኪን ችላቸው ኖራለች። የሻይ ቤቷ ግድግዳ ከቀበሌው ጋር የጋራ ነው። ከወዲያ በኩል የሚገረፍ ሰው ድምፅ ሲመጣ ደንበኛው ሁሉ እንዳይሰማ ሻዩን እያንኳኳ ያማስላል። ጣሪያው ላይ ከሐይቁ የመጡ አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች አንገታቸውን ቀብረው ይቆማሉ፤ ምን እንደሚጠብቁ እንጃላቸው።

«ገበያ መሀል ቦምብ ተቀብሯል እንበል» ይላሉ ጋሽ ጉልላት። «ቦታውን የሚያውቀው አንድ ሰው ነው። ይገረፍ? ቆጣሪው ‘የመቶ ሰው ነፍስ ከአንድ ሰው እግር ይበልጣል’ ይላል። ሕግ አክባሪው ‘ሰው ዕቃ አይደለም፤ ክልክል ክልክል ነው’ ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ‘ገራፊው በዚያ እጁ ልጁን እንዴት ያቅፋል?’ ይላል።» ሰኞ ለቆጣሪው ይፈርዳሉ፤ ማክሰኞ ይገለብጡታል።

አንድ ቀን ከግድግዳው ወዲያ ጩኸት ሲሰማ እንዲህ አሉ፦ «ሕፃን ተንገዳግዶ ሲቆም ‘ወፌ ቆመች’ እንላለን። ሰው ዘቅዝቆ ውስጥ እግሩን መግረፍን ደግሞ ‘ወፌ ላላ’ አሉት። ስሙን ያወጣው ሰው ልጅ አሳድጓል ማለት ነው።»

ማንኪያው ሁሉ ቆመ።

ብዙም ሳይቆይ ወንድሟ ይልማ «የቀበርከውን መሣሪያ አውጣ» ተብሎ ወደ ቀበሌው ተወሰደ። ምን የቀበረው አለ! ብዙነሽ በገዛ ግድግዳዋ በኩል ድምፁን ለየችው።

«ጋሼ፣ ዛሬም ያመዛዝናሉ?»

«በአንድ በኩል ሲታይ...»

ብርጭቆውን ከእጃቸው ነጠቀች። «ሚዛንዎ ይሰበር!» አለቻቸው።

እሑድ ረፋድ ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። ሊቀመንበሩ ጓድ ሽፈራው ሻይ የሚጠጣው ሰኞ ሰኞ ብቻ ስለሆነ የማክሰኞውን ፍርድ ሰምቶ አያውቅም።

«ጓድ ጉልላት፣ ያንን የቦምቡን ነገር ለሰፊው ሕዝብ ያስረዱልን!»

ጋሽ ጉልላት ተነሱ። ብዙነሽ ነጠላዋን ነከሰች። «እስቲ ነገሩን...» ከማለታቸው ከጓሮው ክፍል ይልማ አቃሰተ። ሽማግሌው ወደ ሊቀመንበሩ ዞሩ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ልጁ ምኑን ያውጣ? ቦምቡን የቀበርኩት እኔ ነኝ።»

ጣሪያው ላይ አንድ አባ ኮዳ ምንቃሩን አንኳኳ።

ጓድ ሽፈራው ‘እንበል’ የሚባል ነገር አይገባውም። ይልማ እየዳኸ ወጣ፤ ጋሽ ጉልላት በእሱ ቦታ ገቡ። ገበያው ከዳር እስከ ዳር ተቆፈረ፤ ከአሮጌ ጫማ በቀር የተገኘ ነገር የለም። በዚያ ሰሞን ሻይ ቤት ውስጥ ማንም አላማሰለም። ብዙነሽ ግድግዳው ሥር ተቀምጣ አንድ ነገር ብቻ ትሰማ ነበር፦ «ገበያ መሀል... እንበል... ብያለሁ እኮ!»

ክረምቱ ሲወጣ ለቀቋቸው። ይልማ አዝሎ አመጣቸውና ሻይ ቤቱ በራፍ ላይ አወረዳቸው። ግድግዳውን ይዘው፣ ባበጠ እግራቸው ተንገዳግደው ቆሙ።

«ወፌ ቆመች!» አለች ብዙነሽ፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ጋሽ ጉልላት ጥጋቸውን አዩ። «እስቲ ነገሩን...»

«ኋላ ያመዛዝናሉ፣ ጋሼ። አሁን ይራመዱ» አለችና ሁለቱን እጆቿን ዘረጋችላቸው።