አቋራጭ የሚያውቀው ልብስ ሰፊ

ደህና መንገድ እያለ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚገባ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። እናንተም ታውቁታላችሁ። በየድንጋዩ ላይ ነጭ ምልክት የተቀባበት፣ ሕፃን ልጅ ብቻውን ሄዶ የሚመለስበት የእግር መንገድ ፊቱ ተዘርግቶ ሳለ፣ እሱ ቆም ይልና አገጩን እያሻሸ «በዚህ በኩል አቋራጭ አለ» ይላል። የለም። ኖሮም አያውቅም።

የእኔው ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ እኔ ከምሠራበት ማተሚያ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ እኔ ከግድግዳው ወዲህ የሰው የፊደል ስሕተት ሳርም እውላለሁ፣ እሱ ከግድግዳው ወዲያ የሰው ሱሪ ሲያሳጥር ይውላል። ሰፈርተኛው «አቋራጩ» ይለዋል። እኔ ግን ክብሩን ጠብቄ «ክቡር የገደልና የረግረግ አስጎብኚ» ነው የምለው። ስንት ዓመት ሙሉ እሑድ ጠዋት በሬን እያንኳኳ ይዞኝ ይወጣል፤ ከከተማ ወጣ ብለን ጫካውንና የጠጠር መንገዱን ስንዞር ውለን ማታ እንመለሳለን። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ በሬን የሚያንኳኳ ሌላ ሰው የለም። እሱን ነው እንግዲህ ባለፈው ወር «ሁለተኛ ደጄ እንዳትደርስ!» ያልኩት። አሁንም ስጽፈው ደሜ ይፈላል።

እስቲ ፍረዱኝ።

ክቡርነታቸው አቅጣጫ አይጠይቁም። አንድ ቀን ሦስት ሰዓት ሙሉ ከተንከራተትን በኋላ ማገዶ የተሸከሙ እናት አገኘንና እኔ ቶሎ ብዬ፣ «እናቴ፣ ወደ አስፋልቱ በየት ነው?» አልኳቸው። «ይኸው በዚህ፣ ልጄ፣ ቀጥ በሉ» ብለው በአገጫቸው አሳዩን። እሱ ዝቅ ብሎ አመሰገናቸው። ገና ዞር ከማለታቸው፣ «ደግ ሴት ናቸው፤ ግን መንገዱን አያውቁትም» ብሎኝ በተቃራኒው ነጎደ። እዚያው ተወልደው ያደጉ ሴትዮ! እኔስ ምን ሆንኩ? እኔ ጅሉ ተከተልኩት።

«ትንሽ ነው የቀረው» ይላል ደግሞ። ጉልበቴ ድረስ ረግረግ ውስጥ ቆሜ ሰምቼዋለሁ። የሰው አጥር ላይ ተንጠልጥዬ፣ ከታች ውሻ ሲጮህብኝ ሰምቼዋለሁ። ስለ ውሻውም «አይነክስም፣ ፊቱ ያስታውቃል» ብሎኝ ነበር። ነከሰኝ።

ከሁሉ የሚያበግነኝ ግን የጨርቁ ነገር ነው። የሳምንቱን ቁርጥራጭ ጨርቅ ከሱቁ በኪሱ ሞልቶ ይመጣና በየሃያ እርምጃው ቁጥቋጦ ላይ ያስራል፤ ስንመለስ መንገድ እንዳንስት ነው አሉ። ብልህ አይደል? ችግሩ፣ አይፈታውም። የስንት ዓመት ጨርቅ እዚያ ጫካ ውስጥ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ባለፈው ወር ታዲያ ያሰረውን ሰማያዊ የተማሪ ዩኒፎርም ጨርቅ እየተከተልን ስንመለስ፣ ለካ የአምናውም ዩኒፎርም ሰማያዊ ነው! ትምህርት ቤቱ ቀለም አይቀይርማ። የአምናውን ጨርቅ ተከትለን ሄደን ሄደን፣ አምና የጠፋንበት ገደል አፋፍ ላይ ተገኘን። የመጨረሻው አውቶቡስ አመለጠን። ዝናብ እየወረደብን አሥራ አራት ኪሎ ሜትር በጠጠር መንገድ በእግራችን ገባን።

አሥረኛው ኪሎ ሜትር ላይ «ትንሽ ነው የቀረው» አለኝ። ፈነዳሁ።

«ስማ፣ አንተ ሰውዬ! ከዛሬ ጀምሮ አላውቅህም። ሁለተኛ ደጄ እንዳትደርስ!»

«እሺ» አለ። የቀረውን አራት ኪሎ ሜትር አብሮኝ ሄዶ፣ በሬ ድረስ ሸኝቶኝ ተመለሰ።

ቀጥሎ የመጣው እሑድ አላንኳኳም። በሁለተኛውም አላንኳኳም። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ቃል ያልሰማኝ ሰው፣ አሁን ይህችን ብቻ ይስማኝ? ያለኝ አንድ ሙሉ ልብስ፣ ቡናማው ባለ ነጭ መስመር፣ እሱ ሱቅ ነበር፤ ሱሪው ሊያጥር፣ ኮቱ ቁልፍ ሊተከልለት። ሄጄ ብጠይቀው ምን አለ? እልህ ያዘኝና ቀረሁ።

ባለፈው እሑድ ብቻዬን ወጣሁ። ነጩን ምልክት ብቻ ይዤ፣ እንደ ሰው። በሃምሳ ደቂቃ ኮረብታው ጫፍ ደረስኩ። ከታች የሚታየው ሸለቆ ያው ሸለቆ ነው። ቁጭ አልኩ። የምቆጣው ሰው የለም። ብቻዬን ያን ያህል የከፋኝ ቀን አላስታውስም፤ ተነሥቼ ወረድኩ።

ስወርድ መንታ መንገዱ ጋ ቁጥቋጦ ላይ የታሰረ ጨርቅ አየሁ። ቡናማ ነው። ቀረብ አልኩ። ቀጭን ነጭ መስመር አለው።

ሱሪዬ!

«ቆይ አንተ!» ብዬ ዘልዬ ገባሁ። ከሃያ እርምጃ በኋላ ሌላ አለ። ከዚያም ሌላ። ሱሪ ሲያጥር ስንት ቁራጭ ይወጣዋል? ቢበዛ አራት። አምስተኛውን ሳይ እርምጃዬን አፈጠንኩ። አሥራ አምስተኛው ላይ ከጉልበት በታች ምንም እንዳልቀረኝ ገባኝ። እየተሳደብኩ ስሄድ አንድ ነገር ልብ አልኩ፤ ሰውዬው ትከሻዬ ላይ ነው የሚደርሰው፣ ጨርቁ ግን ሁሉም በእኔ ዓይን ልክ ነው የታሰረው። ተንጠራርቶ ነው ያሰረው።

ሃያ ሦስተኛው ጨርቅ አጠገብ አቋራጩ ራሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እንቁላል ይልጣል። ሁለት እንቁላል፣ ሁለት ዳቦ።

«ዘገየህ» አለኝ።

«ሱሪዬስ?»

ከቦርሳው አወጣው። ቁምጣ ሆኗል። ጫፉ በወጉ ተቀምቅሞ፣ ተተኩሶ።

«ማን አዘዘህ?» ጮኽኩ።

«ደጄ እንዳትደርስ ነው ያልከኝ፤ ጫካው ግን የጋራ ነው። በመጀመሪያው እሑድ መጥቼ አራት ብቻ አሰርኩ። ቀረህ። በሁለተኛው ምናልባት ሳታየው ቀርተህ ይሆናል ብዬ ትንሽ ጨመርኩ። ቀረህ። ዛሬ ደግሞ ከጉልበት በታች ያለውን ጨረስኩት።»

«ዛሬም ብቀርስ ኖሮ?»

«ኮቱም እኮ እኔ ጋ ነው» አለ።

እንቁላሉን ተቀብዬ በላሁ። ስንጨርስ በነጩ ምልክት እንመለስ አልኩት፤ አገጩን አሻሸ። አውቶቡሱ አመለጠን።

እንደተናደድኩ ነኝ። ጉልበቴ አብጧል፣ ያለኝ አንድ ሙሉ ልብስ ግማሽ ሆኗል። እሑድ ከጠዋቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት መጥቶ እንዲያንኳኳ አዝዤዋለሁ፤ በሩን ከፍቼ ልክ ልኩን እነግረዋለሁ። ቁምጣውን ለብሼ ነው የምጠብቀው።