አንድ ለናቲ፣ አንድ ለአባባ

ልጅ የሚከሳው በበሽታ ብቻ ነው የሚል ሰው የልጁን አባት መዝኖ አያውቅም። ይህን የምላችሁ እኔ፣ በግብርና ጽሕፈት ቤት ተቀጥሬ ስለ ተመጣጠነ ምግብ ሕዝብ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። እንዳትስቁ... ገና ነው።

ሚሌኒየሙ የገባ ሰሞን ነው። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የሆነው ልጄ ናቲ ተቅማጥ ይዞት ሰነበተና፣ ሲሻለው አጥንቱ ብቻ ቀረ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው አሉ፤ ከአጠገባችን ከላንቴ እርሻ የመጣ ሙዝ በጭነት መኪና በደጃችን እያለፈ የእኛ ልጅ ከሳ። ሆስፒታል ወሰድነው። የሕፃናት ክፍሏ ሲስተር ክንዱን ባለቀለም ቴፕ ስትለካው ቀዩ ላይ፣ ክፉኛ ከስቷል በሚለው ላይ ቆመ። የሳምንት አልሚ ምግብ ሰጠችን፤ በትንንሽ እሽግ የሚመጣ፣ ከለውዝና ከወተት የተሠራ፣ እንደ ማር የሚላስ ነገር። መድኃኒቱ ይሄ ነው፣ ከልጁ በቀር ማንም እንዳይቀምስ ብላ አስጠነቀቀችን። እኔም እንደ ባለሙያ ራሴን ነቀነቅኩ።

ባለቤቴ በጠዋት ሱቋን ስለምትከፍት ማብላቱ የእኔ ድርሻ ሆነ። ናቲ መጀመሪያ እንቢ አለ። እየው፣ አባባም ይበላል ብዬ ጫፏን ላስ አደረግኩ። እውነቱን ልንገራችሁ? ጣፈጠኝ። ውኃ ሲወስድ አሳስቆ ነው፤ ናቲም ጨዋታው ደስ አለውና "አንድ ለናቲ፣ አንድ ለአባባ" እየተባባልን እሽጉን እንቀባበል ጀመር። ችግሩ፣ የእኔ አፍ ከእሱ አፍ ይሰፋል።

በሳምንቱ ስንመለስ ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። በሁለተኛውም እንዲሁ። ሲስተር ግራ ገባት። በሦስተኛው ካልጨመረ አልጋ ይዞ ደሙም ሳንባውም ይመረመራል አለች። ባለቤቴ መርፌ በዚያች ቀጭን ክንድ ላይ ደም ሥር ሲፈልግ እየታያት አለቀሰች። ቤት ስንገባ ደግሞ ምክንያቱን አገኘችው፤ የግቢያችን ጎረቤት፣ ከካምባ የመጡት እትዬ ማርታ፣ ከመታመሙ በፊት "እንዴት ያምራል" ብለው ነበርና ዓይን ነው አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ነሳቻቸው። እኔስ ምን አልኩ? ሊሆን ይችላል አልኩ። እንዲህ ያለ አባት አይታችኋል?

ከነገ ጀምሮ አልነካም ብዬ ማልኩ። ነገ መጣ፤ ናቲ አባባ ካልላሰ አልበላም ብሎ አፉን ገጠመ። ምን ላድርግ... ለልጄ ስል ላስኩ።

ሦስተኛው ሳምንት ደረሰ። ሚዛኑ እንደ ልማዱ። ሲስተር የምግብ ፍላጎቱን ልየው ብላ በፊታችን አንድ እሽግ ቀድዳ ሰጠችው። ናቲ አንዴ መጠጠና እሽጉን ወደ እኔ አፍ አመጣው። ከንፈሬን ገጠምኩ። ገፋ አደረገው።

"ያባባ ተራ" አለ።

የተሰለፉት እናቶች ወደ እኛ ዞሩ። ባለቤቴ ምን ማለቱ ነው ስትል፣ ጨዋታ ነው አልኳት። ናቲ ግን ሁልጊዜ ትበላ የለ፣ ዛሬ ምን አኮራህ የሚል ይመስል ዓይኑ እንባ ግጥም አለ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእኔን ሆድ ልጄ አወጣው። ሁሉንም ተናዘዝኩ።

ሲስተር ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "እርስዎ ግን ጨምረዋል" አለች።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ልጄ በመርፌ ሊወጋ የነበረው በእኔ ምላስ ጦስ ነው። ባለቤቴ እዚያው ፈረደች፤ እሽጎቹ እትዬ ማርታ ዘንድ ይቀመጣሉ፣ ይቅርታውንም እኔው እጠይቃለሁ። ጉልበታቸውን ልይዝ ጎንበስ ስል ቀና አደረጉኝ።

"ተው ልጄ፣ ሆድ ያለው ሁሉ ይሳሳታል" አሉና እሽጎቹን ሳጥናቸው ውስጥ ቆለፉባቸው።

ከዚያ በኋላ ናቲ በየጠዋቱ እሳቸው ቤት ገብቶ ይበላል፤ እኔ ደጅ ቆሜ እጠብቃለሁ። ሳምንታት አልፈው ቴፑ አረንጓዴው ላይ ደረሰ፣ ሲስተርም በቃው ብላ ካርዱን ዘጋች። የመጨረሻዋን እሽግ የበላ ዕለት ናቲ እየሮጠ ወጣና የተጨማደደችውን እሽግ ዘረጋልኝ። ጥጓ ላይ ትንሽ ጠብታ ቀርታለች።

"ያባባ" አለ።

ዓይኔ እንባ ሞላ፤ እጄም ሳላዘው ተዘረጋ። ቀና ስል እትዬ ማርታ በራፋቸው ላይ ቆመው ያዩኛል። እኔም ዓይን የፈራሁት ያን ጊዜ ነው።