ሊቀ አየርና ጅራቷ የማይወርደው መኪናው

በየሰፈሩ፣ መኪናው ለእሱ ብቻ ተብላ የተሠራች የሚመስለው አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛ ሰፈሩ ሰው፣ አጥር የሚያዋስነኝ ጎረቤቴ ነው። ማዕረጉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፦ ክቡር ሊቀ አየር። እቀናበታለሁ። ከወዲሁ ልናገረውና ይውጣልኝ።

የሊቀ አየር መኪና ከኋላ እንደ ትራስ ጭነቱን የሚሸከም፣ አየር የሚሞላ አሞርዛተር አላት። ዕቃ ሲጫንባት ጅራቷ ዝቅ ይላል፤ ከሥር ያለች መለኪያ መውረዱን ታውቃለች፤ ትንሿ ፓምፕ ታጉረመርምና አየር ትሞላለች፤ መኪናዋም ቀና ትላለች። ዕቃው ሲወርድ ደግሞ "ጢስስ" ብላ ትርፉን አየር ታስወጣለች። ይህን ያወቅሁት ፈልጌ አይደለም። ጥርሴን በምፋቅበት ሰዓት በአጥር በኩል ስንቴ ተተንትኖልኛል። ማሳረጊያው ሁሌም አንድ ነው፦ "አንተ ምንም አታድርግ፤ ራሷ ታስተካክላለች!"

የእኔዋ አታስተካክልም። ከኋላ ሰው ከሞላ አፍንጫዋን ሰቅላ በፊት መብራቷ የፎቅ መስኮት ታበራለች፤ ሰዎች መጋረጃ ይዘጋሉ። ቅናት አላስቀምጥ ቢለኝ ከኋላ ጠንካራ የብረት ሞላ አስገጠምኩላት። አሁን ደግሞ ባዶዋን ስትሆን ቂጧን ሰቅላ ከጎማዋ ፊት ያለውን ኮረት ብቻ ታበራለች። ሊቀ አየር ዞር ዞር ብሎ አያትና "ሞላ እኮ አያስብም" አለኝ። የዚያን ቀን ምሳ አልበላ አለኝ።

ይህንንም በቻልኩት ነበር፣ አማቴ ባይኖሩ። ጠይቀውን ሲመለሱ ከነሻንጣቸው መናኸሪያ የሚያደርሳቸው እሱ ነው። "የአንተዋ ወገቤን ትቆርጠዋለች፣ ልጄ" ይሉኛል። የገዛ አማቴን አንዴ እንኳ በመኪናዬ ባደርስ ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ጸሎቴ ደረሰ። የሊቀ አየር መኪና በቂጧ ተዘፍዝፋ አደረች። እሱ አጠገቧ ቆሞ "አሁን ታስተካክላለች" ይላል፣ ድምፁን ቀነስ አድርጎ። ፓምፗ ታጓራለች፣ ጅራቷ ንቅንቅ አይልም። ወደ መናኸሪያ ሊሄዱ ሻንጣቸውን ይዘው የወጡት አማቴ ሰዓታቸውን አዩና የእኔ መኪና ውስጥ ገቡ።

ልቤ ጮቤ ረገጠች። ሆኖም መንገዱን ሙሉ "ምነው ያ ሰው ፊቱ ጠቆረ? አሞታል እንዴ?" ሲሉኝ ደረስን። ስመለስም ፊቱ ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። ስደርስ እዚያው መኪናው አጠገብ ቆሟል።

የሳሙና ውሃ በጣሳ ይዤ ሄድኩ። ከመኪናዋ ሥር በጎኔ ተኝቼ፣ በአጥር በኩል በግድ የተማርኩትን እያስታወስኩ የአየር ቱቦዋን ቀባሁት። አንዱ መገጣጠሚያ ላይ አረፋ ተነፋ፤ አየሩ የሚሾልከው በዚያ ነው። አጠበቅሁትና ወጣሁ። ሞተሯን አስነሳ፤ ጅራቷ ቀስ እያለ ከፍ አለ። አቧራዬን ሳላራግፍ "ራሷ ታስተካክላለች!" ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። እሱ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ።

በማግስቱ ለአማቴ ስልክ ደውሎ፣ አየር የሚሾልክበትን ቦታ በራሱ ብልሃት እንዴት እንዳገኘው ግቢው ሁሉ እስኪሰማ ይተርክላቸዋል። በታሪኩ ውስጥ እኔ የለሁም። ተናድጄ አፌን ከፈትኩ። ግን ያ የሚያበግነኝ ድምፁ ተመልሶ ነበር፤ ለካ አንድ ቀን ሙሉ ናፍቆኝ ኖሯል። አፌን መልሼ ዘጋሁና ወንበሬን ወደ አጥሩ አስጠጋሁ።