ጋሼ ባጭሩ እና አሜሪካኖቹ

በየመሥሪያ ቤቱ ሳይጠየቅ የሚመልስ አንድ ሰው አይጠፋም። ከጠፋ መሥሪያ ቤቱ ገና አልተደራጀም ማለት ነው። የኮሌጁ ድርሻ ክቡር የሥነ ጽሑፍ መምህሩ ነበሩ፤ የእንግሊዝንና የአሜሪካን ድርሰት ከሥር መሠረቱ የሚያስተምሩት፣ ተማሪው ሁሉ «ጋሼ ባጭሩ» የሚላቸው። ስሙ የወጣላቸው ከገዛ አፋቸው ነው። «ባጭሩ ለማስረዳት ያህል» ካሉ፣ ሰሚው ወንበር ቢፈልግ ይሻለዋል።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። መጽሐፍ ሊመልሱ ገብተው እስኪወጡ ሻይዋ በረዶ ይሆናል። የሚያውቁትን ሰው ሁሉ በድርሰት ዘመን ከፋፍለው ጨርሰዋል። ዲኑ ቪክቶሪያዊ ናቸው፤ ንግግራቸው ረጅም፣ ምክራቸው የበዛ። የጥበቃው ሰው ሮማንቲክ ነው፤ ደመና ሲያይ ይውላል። ገንዘብ ያዡ ሪያሊስት፤ በዓይኑ ካላየ አያምንም። አንድ ጊዜ ቧንቧ ሠሪ የፈነዳውን ቧንቧ ቆራርጦ መሬት ላይ ቢበታትነው፣ «ይኸው ሞደርኒዝም» ብለው ሰውየውን ሥራ አስፈቱት። ቧንቧ ሠሪው ለአመል ያህል አዳምጦ፣ «ጋሼ፣ ውሃው እየፈሰሰ ነው» አላቸው። «ፍሰቱ ራሱ አንዱ የሞደርኒዝም መለያ ነው» አሉ ክቡርነታቸው።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ባል የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ሳቂታ፣ በኳስ ክርክር ጎረቤት የሚያስነሳ። አንድ ጠዋት ጫማውን ሊያስር እንዳጎነበሰ ስትሮክ መታው። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እጁና አንደበቱ ግን ከዱት። እጁ ቀስ በቀስ መለስ አለ። አንደበቱ ቀረ። ሐኪሙ፣ «ቃሉ ሊመለስ ይችላል፤ እሱ ግን ተስፋ ቆርጧል። አዋሩት፣ ብቻውን በዝምታ አትተዉት» አላት። ጠያቂ መጣ፤ «አይዞህ» አለ፤ ግድግዳ ግድግዳውን አይቶ ሄደ። እሷም የምታወራው አለቀባት። ቤቱን ዝምታ ወረሰው።

ጋሼ ባጭሩ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሩን አንኳኩ። «ይሄ ምስኪን መሸሻ እንኳ የለው» አለች ሚስት በሆዷ። እሳቸው ወንበር ወደ አልጋው ሳብ አድርገው፣ «ወንድሜ፣ ባጭሩ ለማስረዳት ያህል» አሉና ከሺህ ዓመት በፊት ስማቸው ሳይታወቅ ካለፉት የእንግሊዝ ገጣሚዎች ጀመሩ።

በማግስቱም መጡ። ከዚያ ከሥራ መልስ እሱ ዘንድ ጎራ ማለት ልማዳቸው ሆነ። ከተማ አስጠልቷቸው ተራራና ሐይቅ ስለናፈቁት ሮማንቲኮች፣ በየጊዜው ተቆራርጦ እየታተመ አንባቢን ስላንጠለጠለው የቪክቶሪያ ዘመን ልብ ወለድ፣ ከጦርነት በኋላ ዓለም ስትሰባበር ዓረፍተ ነገሩንም አብረው ስለሰባበሩት ሞደርኒስቶች ነገሩት። እንደ ሌላው ጠያቂ ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም፤ እንደ ሕፃንም አላባበሉት። ለአንድ ሙሉ ሰው እንደሚነገር ነገሩት። ባሏ መጀመሪያ ጀርባውን ሰጥቷቸው ይተኛ ነበር። እየቆየ ፊቱን ወደ እሳቸው መለሰ።

አንድ ቀን ሚስት ልብስ እያጣጠፈች ታዳምጣለች።

«ወደ አሜሪካኖቹ ስንመጣ» አሉ ጋሼ ባጭሩ፣ «እንግሊዞቹ እንደሚሉት ከሆነ፣ ከእነሱ የተረፈውን ነው የለቀሙት።»

«አይ... ደለም።»

«እንዴት አይደለም?» ቀጠሉ መምህሩ። «አሜሪካዊው ጸሐፊ ጫካ ገብቼ ብቻዬን ልኑር ማለቱ ራሱ ከማን የመጣ ነው? ማስረጃ ከፈለግህ...»

ክርክር ደማቸው ውስጥ ስላለ፣ የመለሰላቸው ማን እንደሆነ ልብ አላሉም። ልብሱ ከእጇ ወደቀ።

«ጋሼ» አለች፤ «ተናገረ እኮ።»

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር፤ ቢጠርጉ ቢጠርጉ አልጠራላቸውም። ባሏ ግን አልጨረሰም ነበር። ከንፈሩን እየታገለ፣ ግንባሩ በላብ ርሶ፣ «የራ... ሳቸው ነው» አለ።

ከዚያ ወዲህ መኝታ ቤቱ የሸንጎ ያህል ሞቀ። መምህሩ አሜሪካኖቹን አንድ በአንድ እያነሱ ያጣጥላሉ፤ ሹፌሩ እንደ ኳስ ቡድኑ ይሟገትላቸዋል። አንዱ ቃል ሁለት ወለደ፣ ሁለቱ ዓረፍተ ነገር ሆኑ። «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ተሳስተዋል» ብሎ ሳይንተባተብ የተናገረ ዕለት፣ ሚስቱ ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች።

የዚያን ቀን መምህሩን እስከ በር ሸኘቻቸው።

«ጋሼ፣ ግን አሜሪካኖቹ ምን አደረጉዎት? እንዲህ መጥላት አለ?»

ወደ ውስጥ ገልመጥ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እኔ? ነፍሴ ናቸው። በግድ ያነበብኩትስ እንግሊዞቹን ነው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ እኔ ካልተሳሳትኩ፣ እሱ ማንን ያርማል?»

ይህን ያሉት ለአንዲት ነጠላ ሰረዝ እንኳ ተሸንፈው የማያውቁት ሰው ናቸው። እጃቸውን ይዛ ቆመች። ከውስጥ ባሏ፣ «ጋሼ፣ ነገ ይምጡ... ገና አልጨረስኩም» እያለ ነበር።

ጋሼ ባጭሩ ደረጃውን ወረዱ፤ ለነገ የሚሆን ስሕተት እየፈለጉ በአፋቸው ያጉተመትሙ ነበር።