ሊቨን «አላውቅም» ያለ ዕለት

[ከብራስልስ ወደ ጌንት የሚመለስ ባቡር። ኮርኔልና ሊቨን የአንድ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው። ዛሬ ጠዋት ሁለቱም፣ የአውሮፓ ተመራማሪ ሁሉ የሚሻማበትን ትልቁን የምርምር ገንዘብ ፍለጋ ዳኞች ፊት ቀርበዋል። ሊቨን ቀንድ አውጣ ያጠናል፤ ገንዘቡን ካጣ ላቦራቶሪው በሰኔ ይዘጋል። ኮርኔል የሰውን ልጅ ትውስታ ያጠናል፤ በተረፈ ሁሉን ያውቃል።]

ኮርኔል፦ ሰው እንዴት ዳኛ ፊት በሹራብ ይቀርባል?

ሊቨን፦ ይበርደኛል ብዬ ነው።

ኮርኔል፦ እነሱ የሚፈልጉት የሚበርደው ሰው አይደለም፤ ድንበር የሚሻገር ነው። ለመሆኑ ስለ ድንበሩ አንስተሃል?

ሊቨን፦ በደንብ ነዋ፣ አንተው መክረኸኝ። ቀንድ አውጣዎቼ ግማሾቹ ከኛ፣ ግማሾቹ ከሆላንድ ናቸው አልኳቸው።

ኮርኔል፦ [ግንባሩን ይዞ] የዕውቀትን ድንበር ነው እኮ ያልኩህ። ጉምሩክ መሰለህ?

ሊቨን፦ ለዚህ ነው ለካ የሳቁት። ከዚያ አንዲት ዳኛ፣ ቀንድ አውጣ ብርዱን ሙሉ ተኝቶ ሲነቃ መንገዱን በምን ያስታውሳል ብለው ጠየቁኝ።

ኮርኔል፦ አንተስ?

ሊቨን፦ አላውቅም አልኳቸው።

ኮርኔል፦ እሱን ለማለት ብራስልስ ድረስ ምን አስኬደህ? ጌንት ሆነህ አለማወቅ አትችልም ነበር?

ሊቨን፦ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው አልኳቸው። ሞክሬ የከሸፈብኝን ሁሉ ነገርኳቸው። እነሱም ደግመው ደጋግመው ሲጠይቁኝ ሰዓቱ አለፈና በር ጠባቂው መጥቶ አንኳኳ።

ኮርኔል፦ አዝነውልህ ነው። ጨዋ ሰው ሲያሰናብት እንደዚያ ነው።

[ሊቨን በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ። እሱ ኮርኔል ያለውን ሁሉ የሚያምን ሰው ነው። አብረውት ለሚሠሩት ሁለት ተማሪዎች ነገ ምን ብሎ እንደሚነግራቸው ያሰላስል ነበር።]

ሊቨን፦ አንተንስ ምን ጠየቁህ?

ኮርኔል፦ ምን ፋታ ሰጠኋቸውና ይጠይቁኛል? በስንተኛው ዓመት ምን እንደማገኝ፣ በየትኛው መጽሔት እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚቀናብኝ ሳይቀር ዘረዘርኩላቸው።

ሊቨን፦ ምን አሉ?

ኮርኔል፦ ፈዘው ቀሩ። ሰብሳቢዋ፣ «ፕሮፌሰር፣ ለእርስዎ የሚመረመር ነገር አልቀረም» አለችኝ። እንዲህ ያለ ምስጋና ሰምተህ ታውቃለህ? ከሰዓቱ በፊት ጨርሼ ስነሳ ኮቴን ራሷ አቀበለችኝ።

[ሊቨን ቀስ ብሎ ዞረና ትክ ብሎ አየው። ለኮርኔል ያልገባ ነገር ለሱ ሲገባ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሊነግረው አፉን ከፈተ፤ የሰውየውን የደስታ ፊት ሲያይ ግን አንጀቱ አልቻለም።]

ኮርኔል፦ አይዞህ፣ እኔ ሳገኝ ለቀንድ አውጣዎችህ አንድ ጥግ አላጣም።

[በሚያዝያ ውጤቱ ወጣ። ሊቨን አገኘ፤ ኮርኔል አላገኘም። በማግሥቱ ኮርኔል ሳያንኳኳ ሊቨን ላቦራቶሪ ገባና፣ ወንበር ቢያጣ በቀንድ አውጣዎቹ ሣጥን ጫፍ ላይ ተቀመጠ።]

ኮርኔል፦ ዳኞቹ አልገባቸውም።

ሊቨን፦ ምኑ?

ኮርኔል፦ እኔ ያልኩት ነዋ። መልሱን እኮ አንድ ሳላስቀር ነው የሰጠኋቸው።

ሊቨን፦ [ሣጥኑን ከሥሩ እየሳበ] ታዲያ አንድ ሳታስቀር በነፃ ከሰጠሃቸው፣ ምን ሊገዙበት ገንዘቡን ይሰጡሃል?